የዋራበሌው ወሬኛ ማሽን

ሰው ዋሽቼ አላውቅም፤ ሾፌር ግን ዋሽቻለሁ። እሱንም ቢሆን የጀመሩት እነሱ ናቸው።

ጋራዣችን ጅቡቲ፣ ባልባላ፣ ዋራበሌ ነው ያለው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት የብረት ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በጎን ዕቃ የምናስቀምጥበት አሮጌ ኮንቴይነር፣ ከታች ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ አሸዋ። ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያደግን ልጆች ነን። እሱ ሞተር በጆሮው የሚያውቅ፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይወጣው ሰው ነው፤ የቀረውን ቃል ለእኔ ትቶልኛል። እኔ ደግሞ ጋራዥ ከመግባቴ በፊት ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ለስምንት ዓመት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት እዚያ ነው። እመቤቲቱ ከመናገር መጻፍ ይቀላታል። ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ምድጃው ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ ወረቀት ትለጥፋለች፤ ጀርባዬ ላይ ልትለጥፍም ምንም አልቀራት። ያንን ሁሉ ሳነብ ሳነብ ለካ ሳላውቀው ተምሬያለሁ።

ወንድሜ የኮድ ማንበቢያ ማሽን የገዛ ጊዜ፣ ማሽኑ ከፈረንሳይኛ ሌላ ቋንቋ የማይወጣው ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ሶማሊኛ እንደ አገሬው ይናገራል፣ በአፋርኛም ይጣላል ይታረቃል፤ ፈረንሳይኛ ጽሑፍ ሲያይ ግን መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ይጀምራል። «ለአንድ ሳምንት መጥተሽ አንብቢልኝ» አለኝ። ሳምንቱ ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ሥራው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ያሁን ዘመን መኪና ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር አለ። የሆነ ነገር ሲጎረብጠው ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላትን ቢጫ መብራት ያበራና ሕመሙን በኮድ ይመዘግባል። እኔ የማሽኑን ገመድ ከመሪው ሥር ሰክቼ ኮዱን አነባለሁ። ኮዱ የት እንደሚያመው ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚያመው አይናገርም፤ ለምን የሚለውን ፈልጎ ማግኘት የወንድሜ ፈንታ ነው። ሾፌሮቹ ግን ለምን የሚባል ነገር አይወዱም። ከወደብ ጭነው ወደ አገር ሊወጡ ሲሉ እየተሯሯጡ ይመጡና «እህቴ፣ አጥፊልኝና ልሂድ» ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ያለው የመኪናው ጌታ ያቺን መብራት በርታ ካያት «ምን አድርገህብኝ ነው?» ብሎ ቁልፍ ይቀበላቸዋል። ማጥፋቱ ቀላል ነው፣ አንድ ነገር መጫን ብቻ ነው። ሕመሙ ግን እዚያው ይቀመጣል።

ውሸቱ የተጀመረው አንድ ሾፌር መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎባት የመጣ ቀን ነው። «መቼ በራች?» ብለው «አሁን፣ እዚሁ በራችሁ ላይ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ማሽኑ ደግሞ መብራቷ ከበራች በኋላ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይጽፋል። አየሁና «አዋሽን ሳትሻገር ነው የበራችው» አልኩት። ሰውዬው ክው አለ። «እሱንም ይናገራል እንዴ?» አለኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሰይጣን የት ሄዶ። መቀመጫው ሥር የጫት ገራባ ተከምሯል፣ ጎኑ ደግሞ ሥጋ የተጠቀለለበት ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ ዲኪል ከተማ ያለ የአንድ ምግብ ቤት ስም ተጽፏል። ስክሪኑን አተኩሬ እያየሁ «እየነዳህ ትቅማለህ ይላል» አልኩት። «ዲኪል ላይም ሥጋ በልተህ ከሚገባው በላይ ተኝተሃል ይላል።» ስክሪኑ ላይ ያለው ስለ አየር ማጣሪያ ነበር።

ሾፌር ከመኪናው ይልቅ ወሬው ይፈጥናል። ወር ሳይሞላ ከሚሌ እስከ ሞጆ ያልሰማ አልነበረም፤ ዋራበሌ አንዲት ሴት አለች፣ ማሽኗ የሠራኸውን ሁሉ ይናገራል። እኛ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ጋቢና ጠርገው፣ ገራባ ጥለው፣ አንዳንዱማ ጺሙን ተላጭቶ ይመጣ ጀመር። ገመዱን ገና ስሰካው ሳልጠይቃቸው ይናዘዛሉ። «አንዴ ብቻ ነው ያንቀላፋሁት» ይላል አንዱ። «ፍየሏ ራሷ ናት የገባችብኝ» ይላል ሌላው። የኔ ሥራ ስክሪኑን እያዩ «እህ» ማለት ብቻ ሆነ። ወንድሜ ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሰማና «ተይ አንቺ ልጅ» ይለኛል። ከሃያዋ ቃል ሦስቷ በዚህ ታልቅበታለች። እኔ ግን ሲደክማቸው ዳር አቁመው መተኛት ስለጀመሩ እንዲያውም ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም የምወደው አንድ ጺሙን ሂና የሚቀባ የድሬ ሰው ነበር። ሃምሳን ያለፈ፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ጨዋታ አዋቂ። ወንድሜን «ዝምተኛው ዶክተር»፣ እኔን «ዓቃቤ ሕግ» ይለናል። መኪናው ዘመናዊ ነው፣ ኮዱ ግን በመጣ ቁጥር ያው አንድ ነው፤ የጭስ ማጣሪያው በጥቀርሻ ታፍኗል። ማጣሪያው ሲታፈን ሞተሩ ራሱን ለማዳን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዘህ ዳገት መሀል ጉልበት ሲከዳህ ምን እንደሚመጣ እሱ ከኔ በላይ ያውቃል። ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜ «አቦ አጥፊው» አለኝ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁለት። ወንድሜ ሁለቴ ማጣሪያውን አውርዶ አጽድቶለታል። «ይሄ ሁሉ ጥቀርሻ ከየት ይመጣል?» ሲለው «ነዳጃችሁ ነዋ» ብሎ ወደ ሳቁ ይመለሳል። መልሱ እዚያው ማሽን ውስጥ፣ ሌላ ገጽ ላይ ነበር። እኔ ግን ሰውዬውን አስፈራርቶ መሳቅ እንጂ ገጽ መግለጥ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፣ አነጋገሯ የድሬ።

«ማሽን ያለሽ ሴትዮ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ድሬ ላይ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ ያደግኩበት ነውና ደስ አለኝ። ጺመ ቀዩ ሾፌር መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። «ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ እኛ ዘንድ ነው የሚገባው» አልኳት። የጭነት ጉዳይ ይሆናል ብዬ ማን ልበል እንኳን አላልኩም። ስልኩን እንደዘጋሁ ወንድሜ «ማን ናት?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ በራችን ላይ ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ደልደል ያለች፣ መልከ መልካም፣ አበባ አበባ ሽቲ ቀሚስ የለበሰች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አጥብቃ የያዘች። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ፊት ይገርፋል። ወንበር ሰጠኋት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋት። ውሃውን ጨረሰችና «የሱ ሚስት ነኝ» አለችኝ። ከድሬ በባቡር መጥታ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ዘመድ ቤት አድራለች። እሱ መምጣቷን አያውቅም።

«ጎረቤቴ ሾፌር ነው» አለችኝ። «ማሽኗ ሁሉን ነገር ይናገራል፣ ዲኪል ላይ ሥጋ መብላቴን ሳይቀር ነግራኛለች አለኝ። እንግዲህ ለኔም ይንገረኝ።»

ያ የፕላስተሩ ሰውዬ መሆኑ ነው። 

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ባሏ ጅቡቲ ሲሆን ሆዳን ሰፈር፣ ጓደኛው ቤት እንደሚያርፍ ነው የሚነግራት። አዲስ ቤት ነው፣ ኤሲ አለው፣ ምን ጎደለብኝ ይላታል። ሲደውልላትም ኤሲው እዝዝዝ ሲል ከበስተኋላው ይሰማታል። ባለፈው ሰሞን ግን ያንን ጓደኛውን ድሬ ገበያ ላይ አገኘችው። ከጅቡቲ ጠቅልሎ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቤቱንም ለቆታል።

«እና ሆዳን ያለው ቤት የማን ነው?» አለችኝ። «ሱቅ አለኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሌላ ሴት ካለችው ዛሬ ልወቃት። ካለች ከዚህ ተመልሼ ቤቴ እንኳን አልገባም፣ በቀጥታ ቃዲ ዘንድ ነው የምሄደው። ማሽንሽ ካለች አለች፣ ከሌለች የለችም ይበለኝ።»

«የለችም» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«መኪናው ሳይመጣ?» አለችኝ።

ነጋዴ ናት፤ በእንዲህ ያለ ነገር አትሸወድም።  ወንድሜ ከጎን ያለውን ጎማ እየፈታ ነበር፣ ፈገግ እንኳን አላለም።

መኪናው ገባ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ገና ሳይወርድ «ዓቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ስንት ትፈርጂብኛለሽ?» እያለ በሩን ከፈተ። አንድ እግሩ መሬት ሳይነካ ሚስቱን አያት። ጺሙ ቀይ ሆኖ ቀረ እንጂ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ልጆቹ ደኅና አይደሉም?» አላት።

«ደኅና ናቸው። አንተ ዝም በል፣ ማሽኑ ይናገር» አለችው።

እኔ ገመዱን ይዤ ጠጋ ስል ሰውዬው ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ አትስኪው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።» ሚስቱ ሰማች።  ጉዱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ውሸቴን አምኖኛል። ማሽኑ ሁሉን ይናገራል ብሎ በእውነት ይፈራል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ጥፋተኛ አስመሰለው። የሰው ትዳር በኔ ቀልድ ሊፈርስ ነው። ሳቅ የሚባል ነገር ከውስጤ ተሟጦ ወጣ።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «ይሄ ማሽን ስለ ሴት ምንም አያውቅም። ስለ ጫትም አያውቅም፣ ስለ ሥጋም አያውቅም። ገራባውን በዓይኔ አይቼ ነው፣ ወረቀቱን በዓይኔ አንብቤ ነው። ሾፌሮቹን ሁሉ ስዋሻቸው ነው የከረምኩት።»

ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየኝ። «የፍየሏንም?» አለኝ።

«የፍየሏን የገጫት ሾፌር ራሱ ነው የነገረኝ» አልኩት።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችና «እንግዲህ አሁን እውነት እያወራሽኝ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለችኝ። «እሱ አትስኪው ይልሻል፤ አንቺ ማሽኑ አያውቅም ትያለሽ። ተነጋግራችኋል።»  አምስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ስም ለአንዲት እውነት እንኳን ዋስ ሊሆነኝ አልቻለም።

ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «የሰዓቱን ገጽ ክፈቺው» አለኝ።

ገመዱን ሰካሁ። ኮዱ ያው ነው፣ ጥቀርሻ። ኮዱን አለፍኩና ሞተሩ ከተወለደ ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚጽፈውን ገጽ ከፈትኩ። ከላይ ጠቅላላው ሰዓት አለ። ከሥሩ ደግሞ ራላንቲ ይላል፤ እኛ ሚኒሞ የምንለው፣ ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የቆመበት ሰዓት ነው። ቁጥሩን ሁለቴ አየሁት። ይሄ መኪና ከዕድሜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቆሞ ሞተሩን እያሠራ ነው ያሳለፈው። ጥቀርሻው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ጥቀርሻውን አያቃጥልም፣ ማጣሪያው ላይ ይከምረዋል። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ማሽኑን አዙሬ ለሴትዮዋ ሰጠኋት። ቃሉን ባታነበው ቁጥር ታነባለች፤ ሱቅ የምትመራ ሴት ናት። እላይና እታች እያየች «ይሄ ሁሉ ቆሞ ነው?» አለች።

«ቆሞ ነው» አላት ወንድሜ።

«ቆሞ ምን ያደርጋል?»

«ኤሲ ነዋ። ያለ ሞተር ኤሲ የለም» አላት።

ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። የመኪናው ጌታ ነዳጅ ታቃጥላለህ እያለ ቆሞ ማስነሳትን በጥብቅ ከልክሎታል፤ ይሄ ቢታወቅ ሥራው ይቀራል። ሲፈራ የነበረው ያንን ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ቆሞስ ከማን ጋር?» አለች ሴትዮዋ፣ ሽቲዋን ሰብስባ ደረጃውን እየረገጠች። በዚያ ሰውነቷ ጋቢና ላይ ስትወጣ ልደግፋት እንኳን አልደረስኩባትም።

ጋቢናው ውስጥ ያለውን ከታች ሆኜ አየሁት። ከመቀመጫው ኋላ አንድ ጠባብ አልጋ አለ። የታጠፈ መስገጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ጣሳ ውስጥ የጥርስ ብሩሽ፣ መስኮቱ ላይ በገመድ የተሰቀለ የታጠበ ሸሚዝ፣ ግማሹ የቀረ የሂና ፓኬት። ፍራሹን ገለበጠች። ከአልጋው ሥር እጇን ሰደደች። መጨረሻ ላይ ትራሱን አንስታ አሸተተችው፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ቆየት ብላ። ትራሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«ሆዳን ያልከኝ ይሄ ነው?» አለችው።

እሱ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።  «ጓደኛዬ ከሄደ ጀምሮ ነው» አላት።

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት።»

«ለምን አልነገርከኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት አለኝ፣ ተመችቶኛል እያልክ?»

 ነፋሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ነው፤ ወንድሜም እኔም ዞር ማለት ሲገባን ቆመን ቀረን።

«ብነግርሽ ና ትይኝ ነበር» አላት። «ና ካልሽኝ ደግሞ ሥራውን ጥዬ እመጣ ነበር።»

ሴትዮዋ ትንሽ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። ወጥቶ ተቀመጠና በሩን ሳበው።

ሞተሩ ጠፍቷል። በዚያ ሙቀት የተዘጋ ጋቢና ውስጥ ሰው ይቀቀላል። ወንድሜ ዓይኔን ሲያየኝ «አሸዋ ገብቶብኝ ነው» አልኩት፤ አንጀቴን በልተውታል። በመስታወቱ ምን እንደሚነጋገሩ አይሰማም። የሻሿን ጫፍ ይዛ የሆነ ነገር ስትጠርግ አየሁ፤ የሱን ላብ ይሁን የራሷን እንባ ከዚያ ርቀት አይለይም። እሱ ራሱን ደፍቷል። ላብ በላብ ሆነው ከሱም ከሷም ልውረድ ያለ የለም።

በሩ ስንጥቅ አለና ፊቷን አወጣች። ሻሿ በስብሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«አንቺ፣ ሞተሩ ቢነሳ ይጎዳል?» አለችኝ።

ወንድሜ እውነተኛ ሰው ነው። ስለ ጥቀርሻው ሊነግራት አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት።

«ምንም አይለውም» አልኳት።

በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ። ወንድሜ ማጣሪያውን ሊያወርድ የያዘውን መፍቻ ሣጥኑ ውስጥ መለሰና ከጎኔ ጥላው ሥር ቁጭ አለ። ራሳቸው እስኪያጠፉት ድረስ ጠበቅን።